የመስታወቱ ድል

በ1925 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በላይፕዚግ የጸደይ ትርዒት ለገበያ የቀረበው ላይካ፣ ለሲኒማ የተሠራውን የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም በትንሽ የእጅ ካሜራ ውስጥ በማዋሉ የፎቶግራፍን ሥራ ቢለውጥም፣ አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ፎቶግራፍ አንሺው ርቀቱን በዓይኑ ገምቶ ወይም በሌላ መሣሪያ ለክቶ ሌንሱን ራሱ ማስተካከል ነበረበት። ጉድለቱ የተቃለለው በ1932 ሲሆን፣ የቬትስላሩ ላይትስ ሁለተኛውን ላይካ፣ የድሬስደኑ ዛይስ ኢኮን ደግሞ ኮንታክስን ያወጡት በዚሁ ዓመት ነው። ሁለቱም ከሌንሱ ጋር የተያያዘ ሬንጅፋይንደር፣ ማለትም ርቀት መለኪያ፣ ነበራቸው፤ ተራርቀው ከተቀመጡ ሁለት መስኮቶች የሚገቡት ምስሎች በመመልከቻው ውስጥ ተደርበው ስለሚታዩ፣ የሌንሱ ቀለበት ሲዞር ሁለቱ ምስሎች አንድ ከሆኑ ሌንሱ በትክክል ተስተካክሏል ማለት ነው።

ሌላው መንገድ፣ ዛሬ ኤስኤልአር የሚባለው፣ ከሌንሱ ኋላ በ45 ዲግሪ የተጋደመ መስታወት ምስሉን ወደ ላይ እንዲያንጸባርቅ በማድረግ ፎቶግራፍ አንሺው ሌንሱ የሚያየውን እንዲያይ የሚያስችል ነበር። የድሬስደኑ ኢሃጌ በ1936 ያወጣው ኪኔ ኤግዛክታ ይህን በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ ቢያሳካም፣ ምስሉ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ከላይ ወደ ታች የሚታይ፣ አንድ ፎቶ ከተነሣ በኋላም ፊልሙ እስኪጠቀለል ድረስ መመልከቻው ጨለማ የሚሆን ስለነበር፣ ለቅርብ ጥናትና ለሩቅ ሌንስ እንጂ ለሚሮጥ የዜና ሥራ አልተመቸም። በ1949 የወጣው ኮንታክስ ኤስ ምስሉን የሚያቃና ፔንታፕሪዝም የተባለ ባለ ብዙ ገጽ ብርጭቆ ይዞ ሲመጣ፣ የጃፓኑ አሳሂ ደግሞ በ1954 መስታወቱ ወዲያው ወደ ቦታው የሚመለስበትን ካሜራ አወጣ።

በዚያው በ1954 ግን ላይትስ ላይካ ኤም3ን አቀረበ። መመልከቻው ነገሮችን ከተፈጥሯቸው ብዙም ሳያሳንስ ስለሚያሳይ ሁለቱንም ዓይን ከፍቶ መሥራት ይቻል ነበር፤ የ50፣ የ90ና የ135 ሚሊ ሜትር ሌንሶችን ስፋት የሚያመለክቱት ብሩህ መስመሮችም ሌንሱ በተስተካከለ ቁጥር አብረው እየተንቀሳቀሱ፣ መስኮቱና ሌንሱ በተለያየ ቦታ በመቀመጣቸው የሚመጣውን የእይታ መዛነፍ ያርሙ ነበር። ያን ጊዜ ላይካንና ኮንታክስን እየተከታተሉ ሬንጅፋይንደር ይሠሩ የነበሩት የጃፓን ፋብሪካዎች ይህን ካሜራ በራሱ ሜዳ መብለጥ አዳጋች እንደሆነ ተረዱ፤ ስለዚህ መስታወቱ ያሸነፈው ርቀት መለኪያው ደካማ ስለነበረ ሳይሆን፣ በአንድ ፋብሪካ እጅ እጅግ ፍጹም ሆኖ ለተፎካካሪዎቹ መንገዱን ስለዘጋባቸው ጭምር ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

የጃፓኑ የኒኮን ኤፍ ካሜራ አካል ለዚህ ከሁሉ የጠራ ማስረጃ ነው። በ1959 የወጣው ይህ ካሜራ የተሠራው በ1957 የወጣውን ሬንጅፋይንደር ኒኮን ኤስፒን መነሻ አድርጎ በመካከሉ የመስታወት ሣጥን በማስገባት ሲሆን፣ የመተኮሻው ቁልፍ ከካሜራው አናት ወደ ኋላ ጠርዝ ገባ ብሎ መቀመጡ ከዚሁ የወረሰው ነው፤ ለጣት የማይመች ቢሆንም በመላው የካሜራው ዕድሜ አልተለወጠም። ከዚህ በላይ የሚያስገርመው ለዚሁ ካሜራ የቀረበው የ21 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው፤ የኋላ ብርጭቆው ወደ ፊልሙ እጅግ ስለሚጠጋ መስታወቱ ወደ ላይ ተነሥቶ መታሰር፣ በካሜራው ላይም ሌላ መመልከቻ መገጠም ነበረበት፤ በዚህ ሌንስ መስታወቱ ያስገኘው ጥቅም ሁሉ ይቀራል።

ስለዚህም በቬትናም ጦርነት የሠሩ በርካታ የዜና ፎቶግራፍ አንሺዎች ሁለቱንም ዓይነት ካሜራ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይሄዱ ነበር፤ ላይካው ሰፊ ሌንስ ይዞ ለቅርቡና ለደብዛዛው ብርሃን፣ ኒኮኑ ረጅም ሌንስ ይዞ ለሩቁ ያገለግል ነበር። ገበያው ግን ሁለት ካሜራ ለመሸከም የማይፈልገውን ብዙኃን ተከተለ፤ ካኖን በ1960ዎቹ መጨረሻ ሌንስ የሚቀየርለትን ሬንጅፋይንደር መሥራት አቆመ፣ ላይትስም በ1971 ያወጣው ኤም5 ሳይሳካለት ቀርቶ የኤም ካሜራዎች ሥራ በ1970ዎቹ አጋማሽ ተቋረጠ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ወጪ ለመቀነስ ራሱን በራሱ የሚተኩሰው መዘግያ የተነሣለት፣ ነገር ግን ፊልሙን በሞተር የሚጠቀልል መሣሪያ የሚቀበል ኤም4-2 በካናዳው የሚድላንድ ፋብሪካ መገጣጠም ጀመረ።