ሲምፖዚየም፦ ከጽዋ እስከ ጉባኤ

ዛሬ የምሁራን ጉባኤ የሚጠራበት «ሲምፖዚየም» የተሰኘው ቃል በጥንታዊው የግሪክ ቋንቋ ትርጉሙ «አብሮ መጠጣት» ነበር። በአቴና ወዳጆች ከራት በኋላ በአንዱ ቤት፣ ለወንዶች በተለየው ክፍል ተሰብስበው፣ በአልጋ ላይ ጋደም ብለው ወይን ጠጅ ይጎነጩ ነበር። የመጠጡ አለቃ የውሃውንና የጠጁን መጠን ይወስናል፤ በትልቅ ማሰሮ ተበርዞ በጽዋ ይታደላል። የኪዮስ፣ የታሶስና የሌስቦስ ደሴቶች ጠጅ ከሁሉ ተለይቶ ይወደስ ነበር። ታሶስማ የወይን ጠጅ ንግዷን የሚቆጣጠር ሕግ በድንጋይ ላይ እስከ መቅረጽ ደርሳለች።

ፕላቶ «ሲምፖዚየም» ለተባለው ድርሰቱ መቼት ያደረገው የባለቅኔውን የአጋቶንን ቤት ነው፤ ጊዜውም አጋቶን በትራጄዲ ውድድር ያሸነፈበት 416 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። እንግዶቹ በዋዜማው አብዝተው ጠጥተው ስለ ነበር ጽዋውን ቀነስ አድርገው ስለ ፍቅር ተራ በተራ ይናገራሉ። የጠጅ ገበታ የኪነ ጥበብና የፍልስፍና መድረክ ሆነ።

ነገር ግን ጽዋውን ይሞሉ የነበሩት ባሮች ናቸው፤ የቤቱ እመቤትም ከገበታው የተገለለች ነበረች። የታሪክ ጸሐፊው ቱሲዲደስ እንደ መዘገበው፣ ጠጇ እጅግ ይወደስ የነበረው ኪዮስ ከስፓርታ በቀር ከግሪክ ከተሞች ሁሉ የበለጠ ባሪያ ነበራት፤ የአቴና ጦር በደሴቲቱ ላይ ምሽግ ሠርቶ በሰፈረ ጊዜ አብዛኞቹ ጌቶቻቸውን ጥለው ኮበለሉ። ስለዚህ የዚያን ዘመን ጠጅ ማዕረግ ሙሉ አድርጎ ለመመዘን የጠጪው ምላስ ብቻውን አይበቃም፤ የቀጂው እጅም ምስክር ሆኖ ሊቆጠር ይገባዋል።