የዎበርን ማሳ፦ በአፈር ውስጥ የቀረው ብረት

ፍግ የበዛበት መሬት ሁሉ ለም ነው የሚለውን እምነት ከፈተኑት የእርሻ ታሪኮች አንዱ በእንግሊዝ አገር፣ ቤድፎርድሺር ውስጥ በዎበርን የተፈጸመው ነው። አፈሩ አሸዋማና ስስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ጦርነቱ ገና እያለ የሮታምስትድ ምርምር ጣቢያ ባለሙያዎች ለአትክልት ልማት የሚበጀውን የተፈጥሮ ማዳበሪያ ለመለየት ማሳውን ከፋፈሉት። ለአንዱ ፍግ፣ ለአንዱ ኮምፖስት፣ ለሌላው ደግሞ ከከተማ ፍሳሽ ማጣሪያ የወጣ ዝቃጭ ተሰጠው። ዝቃጩ እስከ 1961 ድረስ ሲጨመር ቆየ።

ዝቃጭ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የሞላበት በመሆኑ ለገበሬ የሚያጓጓ ነገር ነው። ችግሩ የከተማ ቦይ የሰውን ቆሻሻ ብቻ ሳይሆን የፋብሪካውንም ይዞ መውረዱ ነው። ዚንክ፣ መዳብ፣ ኒኬልና ካድሚየም አብረው ገቡ። ናይትሮጅኑን ሰብል ይወስደዋል፣ ዝናብ ያጥበዋል፤ ብረት ግን አይበሰብስም፣ ከሚታረሰው አፈርም በቀላሉ አይወጣም።

ማሳው ከ1961 በኋላ ተገለባብጦ ቢረሳ ኖሮ ነገሩ ተዳፍኖ ይቀር ነበር። የጣቢያው ትልቁ ውለታ መዝገቡንና የአፈር ናሙናውን ጠብቆ ማቆየቱ ነው። በ1984 ብሩክስና ማግራዝ የተባሉ ተመራማሪዎች አፈሩን ሲለኩ፣ ዝቃጭ በተጨመረበት መደብ ያለው የረቂቅ ተሕዋስያን ክምችት ፍግ ካገኘው ግማሽ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ዝቃጩ ከቆመ ከ20 ዓመት በላይ አልፎት ነበር።

ረቂቅ ተሕዋስያን ገለባውንና ፍጉን የሚያብላሉት በሚያመነጩት ኢንዛይም ነው። ፎስፈረስን ከፍግ የሚፈታ፣ ዩሪያን ወደ አሞኒያ የሚለውጥ ኢንዛይም አለ። ከባድ ብረት ኢንዛይሙ ላይ ሲጣበቅ ሥራውን ያስቆመዋል። የተረፉት ሕዋሳትም ምግባቸውን ለመራባት ሳይሆን መርዙን ለመቋቋም ስለሚያውሉት ቁጥራቸው አያገግምም።

ጉዳቱ ጎልቶ የታየው በሰብል ላይ ነው። ነጭ ክሎቨር የተባለው የመኖ ተክል በዚያ አፈር ሲዘራ ቢጫ ሆኖ ቀጨጨ፤ የናይትሮጅን ማዳበሪያ ሲያገኝ ግን ደህና አደገ። እንግዲህ ብረቱ ተክሉን በቀጥታ የመረዘው አልነበረም፤ የጎደለው ናይትሮጅን ነው። በ1989 የወጣው ጥናት ምክንያቱን አሳየ፦ በአፈሩ ውስጥ የተረፈው ራይዞቢየም ሥር ላይ እባጭ ቢያበጅም ናይትሮጅን ከአየር መያዝ የማይችል ዓይነት ብቻ ነበር።

የአውሮፓ ማኅበረሰብ በ1986 የዝቃጭ መመሪያ ሲያወጣ በዋናነት የታሰበው የሰው፣ የከብትና የሰብል ጤና ነበር። የዎበርን ውጤት በአፈር ውስጥ ያሉትንም ተሕዋስያን ወደ ክርክሩ አስገባ። ብሪታንያ በ1996 በዝቃጭ አጠቃቀም ምክሯ ለዚንክ የተፈቀደውን መጠን በኪሎ ግራም አፈር ከ300 ወደ 200 ሚሊ ግራም ዝቅ አደረገች።

በአገራችንም በአቃቂ ወንዝ ውኃ በሚለሙ የአትክልት ማሳዎች የተደረጉ ጥናቶች ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። ባቄላ ወይም አተር የሚዘራ ገበሬ የራይዞቢየሙን ሁኔታ ያለ ላቦራቶሪ ሊያይ ይችላል፦ አበባ ሲጀምር ተክሉን ከነሥሩ በቀስታ ነቅሎ እባጩን በጥፍር ይሰንጥቀው። ውስጡ ቀላ ያለ ከሆነ እየሠራ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አይደለም። ምክንያቱ ብረት፣ የአፈር ኮምጣጣነት ወይም ሌላ መሆኑን የሚለየው ግን የአፈር ምርመራ ነው።