እሳት ከማድ ቤት ሲወጣ
ስለ ቡና ሥርዓታችን ሲነሣ ጀበናው፣ ረከቦቱና ሲኒው ብዙ ይወራላቸዋል። ፍሙን ይዛ ከጎናቸው የምትቀመጠውን ከሰል ምድጃ ግን ከዕቃ የሚቆጥራት የለም። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ዛሬ በከተማ የምናውቀው ወግ፣ እንግዳው ከተቀመጠበት ሳይነሣ ቡናው ዓይኑ ሥር ታጥቦ፣ ተቆልቶና ፈልቶ የሚቀዳበት ወግ፣ መልኩን ያገኘው ከዚህች ምድጃ ነው። ቡና መጠጣት የቆየ ነው፤ እሳት ተሸክሞ ሳሎን መግባት ግን ከተማ ያመጣው ልማድ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከጉልቻ መጀመር ያስፈልጋል። ሦስቱ ጉልቻ አንዴ ከተተከሉ ከቦታቸው አይነቃነቁም። በገጠሩ ሣር ቤት እሳቱ የሚነደው ሰው በሚኖርበት በዚያው ጣሪያ ሥር ነው፤ ጢሱ በክዳኑ እየሾለከ ይወጣል፣ እግረ መንገዱንም ሣሩን ከተባይ ይጠብቃል። እንግዳ ሲመጣ ወደ እሳቱ ጠጋ ይላል እንጂ እሳቱ ወደ እሱ አይሄድም። የከተማ ቤት ይህን አፈረሰው። ቆርቆሮ ክዳን ጢስ አያሳልፍም፤ ኮርኒስ የተወጠረበት፣ ግድግዳው ኖራ የተቀባ ክፍል ደግሞ ጢስ ከገባበት በአንድ ክረምት ይጠቁራል። ስለዚህ ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ተነጥሎ ወደ ጓሮ ሄደ፣ እንግዳውም ከእሳቱ ራቀ። ቡና የምታፈላው ሴት ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረባት፦ ወይ እንግዳዋን ትታ ጓሮ መዋል፣ ወይ ጢስ የሌለው እሳት ይዛ መግባት።

ጢስ የሌለው እሳት አዲስ ግኝት አልነበረም። ቀጥቃጩ ብረት የሚያግለው በወናፍ በሚነፋ ከሰል ነው። ቤተ ክርስቲያንም በጽናዋ ፍም ይዛ፣ እጣን ጨምራ፣ በምእመናን መካከል ስታዞር ኖራለች። ይኸኛው ማስረጃ ትልቅ ይመስለኛል፤ ፍምን በዕቃ ይዞ፣ በእጣን አጅቦ ወደ ሰው መውሰድ ለሀገሬው እንግዳ ነገር እንዳልነበረ ያሳያልና። ከሰልን የጎደለው ቤተሰቡ ለዕለት ፍጆታው የሚገዛው ሸቀጥ መሆን ነበር፤ ይህንንም ያመጣው የከተማ ገበያ ነው። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ዙሪያዋን ያለውን ደን ፈጥና ጨረሰች፤ ዐፄ ምኒልክ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ እስከማሰብ የደረሱበት አንዱ ምክንያት የማገዶ እጦት ነው። ከተማዋን ከመዛወር ያተረፋት ባሕር ዛፍ እንጨቱንና ቅጠሉን ለምጣዱ ሰጠ። ለከሰሉ በተለይ የተቆረጠው የስምጥ ሸለቆው ግራር ነው። ከሰል ኪሎ ለኪሎ ከእንጨት እጥፍ ያህል ሙቀት ስለሚሰጥ ከሩቅ ቢጓጓዝም ያዋጣል። ዋጋውን የከፈለው ደኑ ነው፤ በአፈር ተሸፍኖ በሚከሰልበት በተለመደው ዘዴ ከመቶ ኪሎ እንጨት ብዙ ጊዜ ከሃያ ኪሎ የማይበልጥ ከሰል ነው የሚገኘው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። ዕቃዋ ፈርኔሎ ትባላለች፣ ቃሉም የጣሊያንኛው ፎርኔሎ ነው፤ ታዲያ ጣሊያኖች ያመጧት አይደለችም ወይ? ስምን ተከትሎ የዕቃን ትውልድ መቁጠር ግን አያስተማምንም። ከሸክላ የምትሠራው፣ አፏ ላይ ድስት የሚቀመጥባቸው ሦስት ጉጦች ያሏት ምድጃ የሸክላ ሠሪዎቻችን የእጅ ሥራ ናት፤ ሦስቱ ጉጦችም ራሳቸው ጉልቻዎቹ ናቸው፣ ከዕቃዋ ጋር አብረው እንዲንቀሳቀሱ ተደርገው። ከውጭ የመጣው ቆርቆሮው ነው። በመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚሠራውን የቆርቆሮ ምድጃ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ብልሃቱ ይገባዋል። ያገለገለ በርሜል ተቀዶ፣ በመዶሻ ተቃንቶ፣ ከላይ ሰፊ ከመሐል ጠባብ ሆኖ ይታጠፋል። መሐሉ ላይ የተበሳሳ ወለል አለው፤ ፍሙ ከላዩ ይቀመጣል፣ ዐመዱ ወደ ታች ይረግፋል። ከሥር ያለችው ትንሽ በር አየር ታስገባለች፤ ከፈት ሲያደርጓት ፍሙ ይግላል፣ ገርበብ ሲያደርጓት ይረግባል። ሸክላ ሲወድቅ ይሰበራል፤ ይህ ግን ደጃፍ ላይ ተቀጣጥሎ፣ ጢሱን ጨርሶ ሲቀላ ፍም እንደያዘ በጆሮው ተይዞ ወደ ቤት ይገባል።

ሌላው ተቃውሞ ይከብዳል። ቡና በከፋ፣ በጅማ፣ በሐረርና በወሎ አዲስ አበባ ሳትቆረቆር ጀምሮ በወግና በምርቃት ሲጠጣ የኖረ አይደለም ወይ? ነው፤ አልክድም። አቦል፣ ቶናና በረካ የመባሉን፣ ጎረቤት የመጥራቱን ወግ ምድጃዋ አልፈጠረችውም። ነገር ግን የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እንዳሳዩት፣ በመካከለኛውና በሰሜኑ ደጋ የነበሩ ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ቡናን የእስላም መጠጥ ነው ብለው ለረጅም ጊዜ ሲርቁት ኖረው፣ በስፋት የተቀበሉት ከምኒልክ ዘመን ወዲህ ነው። ቡና ወደ ክርስቲያኑ ቤት በስፋት የገባውና ያ ቤት ወደ ከተማ ቤትነት መለወጥ የጀመረው በአንድ ዘመን ነው ማለት ነው። ሁለቱን ያጋጠመው ቦታ ሳሎን ነው፤ ሳሎኑን ለቡና የከፈተችው ደግሞ ጢስ አልባዋ ምድጃ ናት።

እንጀራ በዚህ ታሪክ ውስጥ በተቃራኒው ይመሰክራል። ሰፊው ምጣድ ዳር እስከ ዳር የሚልሰው ነበልባል ስለሚፈልግ ከሰል ምድጃ አትችለውም፤ በጉልቻና በእንጨት፣ በጓሮ ቀረ። በ1980ዎቹ የተስፋፉት ሁለቱ የተሻሻሉ ምድጃዎችም ይህንኑ ክፍፍል ተከትለዋል። ምርጥ ምድጃ ምጣዱን ዙሪያውን በሲሚንቶና በቀላል ድንጋይ ዐቅፎ ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ቦታ ይዞ የሚቀመጥም ነው። ላቀች ግን ቆርቆሮዋ ውስጥ ሸክላ የተለበጠላት፣ ከኬንያው ጂኮ የተወረሰች ተንቀሳቃሽ ዕቃ ናት፤ ጂኮውም በበኩሉ ከታይላንድ ምድጃ የተቀዳ ነው። አደጋውም ከዚሁ መንቀሳቀስ ይመጣል፤ በተዘጋ ክፍል ያደረ ፍም ሽታም መልክም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ እያወጣ የተኛን ሰው ይገድላል።

ታዲያ ዋሽንግተን ያለች ሴት ያለ ከሰል ቡና እያፈላች አይደል፣ ወጉስ መች ጠፋ የሚል ይኖራል። አልጠፋም፤ ግን አያያዟን እንይ። ቡናውን ማድ ቤት ቆልታ፣ እየጨሰ ያለውን ምጣድ ይዛ ትመጣና እንግዶቿን ታስሸትታለች፤ አለዚያም ትንሿን የኤሌክትሪክ ምድጃ ከረከቦቱ አጠገብ ትሰካለች። የተወችው ከሰሉን ነው፤ እሳቱን ወደ እንግዳው መውሰዱን አልተወችም። አዲስ አበባም መብራት በገባበት ቤት፣ ወጡ በኤሌክትሪክ እየተሠራ፣ ለቡና ብቻ ከሰል የሚገዛው ለዚሁ ነው። ከሰልን በኤሌክትሪክ እንተካ የሚል ሰው ማድ ቤት ውስጥ ተተክሎ የሚቀር ምድጃ ቢያድል ወጡን ያበስልለታል፤ የቡናው ከሰል ግን እዚያው ይቆየዋል።