ሽንሽን ሌላ፣ ሽብሽብ ሌላ

እኛ የሽንሽን ቀሚስ ጠላቶች አይደለንም። እናቶቻችን በበዓል ቀን ለብሰውት ሲወጡ ሽንሽኑ ሲወዛወዝ እያየን ነው ያደግነው። ሽብሸባም እንወዳለን፤ በጥምቀት። በቀሚስ ደረት ላይ ሳይጠሩት የሚመጣውን ሽብሽብ ግን አንወድም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጫግኒ ውስጥ ለእህታችን ሰርግ ቀሚስ አሠራን። ጨርቁ የእጅ ሽመና ነው፤ ስስ፣ ነጭ። ጥልፉ ግን «ጊዜው የኮምፒውተር ነው» ተባልንና በመኪና ተጠለፈ። ሲመጣ መስቀሉ ራሱ ያምራል፤ ዙሪያው ግን እንደ ደረቀ በርበሬ ተኮማትሯል። ካውያ አሳረፍንበት፤ ወይ ፍንክች! በውሃ አራስነው፤ ጭራሽ ባሰበት። ጠላፊውን ስንጠይቅ መልሱ ዝግጁ ነበር፦ «ሸማኔው አላጠበቀውም።» እኛም አመንን። በሰውዬው ላይ ያልሆነ ነገር ሁሉ ተናገርን። ቆይቶ ግን ጋዜጠኝነት ተምረን ሌላውን ወገን ሳንጠይቅ መፍረዳችን አሳፈረንና የመርፌን ታሪክ ወደ ኋላ ሄደን ማየት ጀመርን።

መርፌ በእጅ ሳለ

በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ብዙ ነገር ተዘርፎ ሄደ። ከሄዱት መካከል የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ እንደነበረ የሚታመን አንድ የጥጥ ቀሚስ ይገኛል። ዛሬ ያለው ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ነው። ጥልፉ በሐር ክር የተሠራ ነው። ጥጥ ላይ ሐር ማለት ጸባያቸው የማይመሳሰል ሁለት ክሮች ተጋብተዋል ማለት ነው።

ጋብቻውን የሚያስማማው ጣት ነበር። በእጅ የምትጠልፍ ሴት ክሩን የምትስበው ጨርቁ እስከፈቀደ ድረስ ነው። ጨርቁ ሲሰበሰብ ካየች ታላላዋለች፤ ካልሆነም ፈትታ ትደግመዋለች። ውጥረቱን የምትለካው በጣቷ፣ የምትፈርደው በዓይኗ ነው። ሥራው ጊዜ ይፈጃል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ስፌት ከጨርቁ ጋር ተነጋግሮ ነው የሚያልፈው።

መርፌው ሲሮጥ

እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ መጨረሻ ጆዙዌ ሃይልማን የተባለ ፈረንሳዊ በሙሉዝ ከተማ የመጀመሪያውን የጥልፍ መኪና ሠራ። በመኪናው ጨርቁ በትልቅ ፍሬም ላይ ተወጥሮ ይቆማል፤ መርፌዎቹም ልክ እንደ እጅ ወዲያና ወዲህ ያልፋሉ። አሜሪካዊው አይዛክ ሲንገር የስፌት መኪናውን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው። በ1863 ደግሞ ኢሳክ ግሮብሊ የተባለ ስዊዘርላንዳዊ የሁለቱን ሐሳብ አጋባ፤ አንዱ ክር ከላይ፣ ሌላው ከሥር ሆነው እየተቆላለፉ እንዲጠልፉ አደረገ። የሥሩን ክር የያዘችው ዕቃ ጀልባ ስለምትመስል መኪናው «ሺፍሊ» ተባለ፤ በአገሩ ቋንቋ ትንሽ ጀልባ ማለት ነው። የጃፓኑ ታጂማ በ1964 ባለ ብዙ ራስ አውቶማቲክ የጥልፍ መኪና አወጣ፤ ከዚያም ኮምፒውተሩ ተከተለ።

የላይና የሥር ክር መቆላለፉ ፍጥነት አመጣ፤ የእኛም ችግር የተወለደው እዚያው ነው። ሁለቱ ክሮች ጨርቁን መሐል አስገብተው ይጓተታሉ። ጨርቁ ጠንካራ ከሆነ ይችላቸዋል፤ ስስ ከሆነ ይሰበሰባል። ጣቱ የለም፣ የሚያላላ የለም።

መኪናዎቹ የተፈለሰፉበት አገር ጨርቅ ደግሞ ከፋብሪካ የሚወጣ፣ ክሩ እኩል የተፈተለ፣ ጥብቅ ብሎ የተሸመነ ነበር። እኛም ዘንድ ይኸው ዓይነት ጨርቅ ገብቷል። አሜሪካዊው ሮበርት ስኪነር በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥቶ ከአፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረም፣ ከአሜሪካ ወደ አገራችን ይገባ የነበረው ዋናው ሸቀጥ የጥጥ ጨርቅ ነበር፤ አቡጀዲድ። አቡጀዲድ ለስፌት መኪና የተመቸ ነው። ሸማ ግን አቡጀዲድ አይደለም።

ሸማ ምን ብሎ ይሸበሸባል?

ማጉ በእጅ የተፈተለ ነው፤ አንድ ቦታ ወፈር፣ አንድ ቦታ ቀጠን ይላል። ሽመናው ላላ ያለ ስለሆነ ነው ገላ ላይ የሚለሰልሰው። በድርና በማጉ መካከል ትንፋሽ አለ። ለአቡጀዲድ ወይም ለጂንስ የተዘጋጀ ጥቅጥቅ ያለ የኮምፒውተር ጥልፍ ሲያርፍበት፣ በሺህ የሚቆጠር ስፌት እዚያች ትንፋሽ ውስጥ ይሰገሰጋል። ክሮቹ መሄጃ ሲያጡ ይገፋፋሉ፤ ዙሪያው ያብጣል፣ ይኮማተራል። ሽፎንና ሌላውም ስስ ጨርቅ ሕመሙ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

መድኃኒቱ ግን አለ። ጠይቀንና ሞክረን ያገኘነውን እንዲህ እንቆጥረዋለን።

አንደኛ፣ ጨርቁ ከመጠለፉ በፊት ይታጠብ። ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፤ የፖሊስተር ክር ግን አይሰበሰብም። አንዱ ሲያጥር ሌላው ካላጠረ ውጤቱ ሽብሽብ ነው። (ቀሚሳችን ውሃ ሲነካው የባሰበት ለዚህ ነው።)

ሁለተኛ፣ ከሥሩ ደጋፊ ይደረግለት። የሚቀደድ ወረቀት መሰል፣ ተቆርጦ የሚቀር፣ በውሃ የሚሟሟ ደጋፊ አለ። ከባዱን ጥልፍ መሸከም ያለበት ደጋፊው ነው። ለላላ ሽመና ተቆርጦ የሚቀረው ይሻላል፤ ከኋላ እንዳይታይበት ለሚፈለግ ስስ ጨርቅ የሚሟሟው ይመረጣል።

ሦስተኛ፣ ክቡ ፍሬም ላይ ጨርቁ እንደ ከበሮ አይወጠር። ተለጥጦ የተጠለፈ ጨርቅ ከፍሬሙ ሲወጣ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ጥልፉ ግን አይመለስም። የሚወጠረው ደጋፊው ነው፤ ጨርቁ ላዩ ላይ ሳይሳብ ይተኛል።

አራተኛ፣ የላዩ ክር ውጥረት ይላላ፣ መርፌው ቀጭንና አዲስ ይሁን፣ ፍጥነቱ ይቀንስ፤ ጥልፉም ከመሐል ጀምሮ ወደ ዳር ይሂድ። ጥልፉን በኮምፒውተር የሚያዘጋጀው ሰው ደግሞ ስፌቶቹን ያራርቃቸው። ከሁሉ በፊት በዚያው ጨርቅ ቁራጭ ላይ ይሞከር።

ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ «ሸማኔው ያጥብቀው» የሚል አላገኘንም።

የቆየ ስድብ

በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ አንድ አዋጅ አስነግረው ነበር። ሠራተኛን በሥራው መስደብ ይቅር የሚል ነው። ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ጽሕፈት የሚጽፈውን ሳይቀር በሙያው ስም ማዋረድ አገርን ባለሙያ ያሳጣል ብለው ነው። አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ ስለነበረ ነው። «ቁጢት በጣሽ» የሚለውን የሸማኔ ስድብ ዛሬም የሚያውቁት አሉ።

እኛ «ቁጢት በጣሽ» አላልንም፤ የተማርን ነን! ያልነው «እጁ ላላ» ነው። ፈረንሳይና ስዊዘርላንድ ለሌላ ጨርቅ የተፈለሰፈውን መኪና አምጥተን፣ ደጋፊውን ሳናመጣ፣ ጥፋቱን ግን ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰዶ ለሚሸምነው ሰው ሰጠነው። ሸማው አልተለወጠም። የተለወጠው መርፌው ነው።

ሁለተኛ ጨርቅ ለማዘዝ እዚያው ቤት ስንሄድ የመጀመሪያውን ቀሚስ ይዘን ነበር። ሸማኔው ገልብጠው አዩት፤ በአውራ ጣታቸው ጥልፉን ዳበሱት። «ልጆቼ፣ ሳታጥቡት ነው እንዴ ያስጠለፋችሁት?» አሉን። አላጠብንም። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፤ በእርስዎ ፈርደን ነበር» አልን። ሳቅ ብለው መወርወሪያቸውን አነሱ።

ሁለተኛው ጨርቅ ታጠበ፣ ደረቀ፣ ቁራጩ ላይ ተሞከረ፣ ከሥሩ ደጋፊ ገባለት። እህታችን ስትዳር መስቀሉ ደረቷ ላይ ልጥፍ ብሎ ተኝቶ ነበር። የመጀመሪያውን ቀሚስ አልጣልነውም፤ ደጋፊ ሳያደርግ ሊጠልፍልን ለሚነሳ ሁሉ አውጥተን እናሳየዋለን።