እንቅርት

እንቅርት የታይሮይድ ዕጢ ማበጥ ነው። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረታችን ብቻ ሕመሙ ምን ያህል የሰፈር ሰው እንደነበር ይናገራል። ዕጢው ከማንቁርት ዝቅ ብሎ የአየር ቧንቧውን አቅፎ ይቀመጣል፤ ከምግብ ባገኘው አዮዲን ሆርሞን ይሠራል። አዮዲኑ ሲያንስ ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ «ጨምር» እያለ ይጎተጉተዋል፤ ታይሮይዱም ያችኑ ጥቂት ለመልቀም ሲታገል ያብጣል። በደጋው አገር ዝናብ አፈሩን ለዘመናት ስላጠበው እህሉም አዮዲን ያንሰዋል።

አንገት ላይ የሚታየው ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን ክፉኛ ካነሳት የፅንሱ አንጎል ይጎዳል፤ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይኼ ነው። ለአዋቂ በቀን 150፣ ለነፍሰ ጡር 250 ማይክሮግራም ይበቃል፤ ለዚህም አዮዲን ያለው ጨው አለ።

ሲበዛም ግን ይጎዳል። የቆየ እንቅርት ያለበት ሰው፣ በተለይ በዕድሜ የገፋ፣ አዮዲን በድንገት ሲበዛበት ዕጢው ሆርሞን ከልክ በላይ ሊያመነጭ ይችላል፤ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይከሳል። እንዲህ ያለው ሰው ሐኪም ሳያማክር የአዮዲን ክኒን አይጀምር።

ጨዉን ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቃችሁ አስቀምጡ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት፤ አዮዲኑ በሙቀት ይቀንሳልና።