ድንጋይ ላይ የሚጣበቀው የጣና ዓሣ እና የዘገየው ስሙ

የጣናን ዓሦች ጥሩ ብትባሉ መቼም ቀረሶና አምባዛ ነው የምትሉት። ገበያ የሚወጡት እነሱ ናቸዋ! ዛሬ የምናወራው ግን ለምሳ ስለማይበቃ ዓሣ ነው። ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ከስንዝር አያልፍም፤ ኑሮውም ከታች፣ ድንጋይ ድንጋዩ ላይ ነው።

ሳይንቲስቶች ወገኑን ጋራ ይሉታል። ከእኛው ጋራና ሸንተረር ጋር ግን አይገናኝም፤ ስሙ በሳይንስ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1822 ከህንድ ዓሦች ጥናት ነው። ከአፍሪካ እስከ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ዘመዶች አሉት። መለያው አገጩ ሥር ያለው ክብ ሥጋማ መጣበቂያ ነው። ወራጅ ውኃ ጠራርጎ እንዳይወስደው በዚያ ድንጋዩን ሙጭጭ ይላል፤ ድንጋዩ ላይ የበቀለውን አልጌም እየፋቀ ይበላል።

ታሪኩ የሚጀምረው በዘመነ መሳፍንት ነው። ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል የፍራንክፈርት ሰው እ.ኤ.አ. በ1832 ጎንደር ደረሰ። ወፍ፣ እንስሳ፣ የብራና መጽሐፍ፣ ያልሰበሰበው ነገር የለም። ዓሦቹም በፍራንክፈርቱ የዘንከንበርግ ሙዚየም ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1835 ባሳተመው ጽሑፍ ለአንዷ ትንሽ ዓሣ ዴምቤንሲስ የሚል ስም ሰጣት፤ የደምቢያዋ ማለቱ ነው። ጣና ያኔ በአውሮፓውያን ዘንድ የደምቢያ ሐይቅ ይባል ነበር። ሩፔል በሌላ ወገን መድቧት ስለነበር ወደ ጋራ ያዛወሯት ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ናቸው። ዛሬ ኬንያ ውስጥ ያሉ ዓሦች ሳይቀሩ በደምቢያ ስም ይጠራሉ። አይገርምም?

ከዚያ በኋላ ትልልቆቹ ዓሦች ትኩረቱን ወሰዱት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አበበ ጌታሁን ከኒውዮርኳ ሜላኒ ስቲያስኒ ጋር አምስት አዳዲስ የጋራ ዝርያዎችን የሰየሙት እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ ከሩፔል 172 ዓመት በኋላ! ከስሞቹ መካከል ደምበጫ፣ ጣና እና ሬግሬሰስ ይገኙበታል። ለእኔ የምትጥመኝ ሬግሬሰስ ናት። ሬግሬሰስ በላቲን ወደኋላ መመለስ ነው፤ ያ ዝነኛ መጣበቂያ እሷ ላይ አንሷል። ነገሩ ምክንያት ያለው ይመስላል፦ ሐይቅ ውስጥ እንደ ወንዝ የሚገፋ ውኃ የለም፣ ታዲያ ሙጭጭ ማለት ለምን ያስፈልጋል?

ጥያቄውን የሚያከብደው የሐይቁ የራሱ ታሪክ ነው። ከጣና ወለል ተቆፍሮ የወጣው ደለል እንደሚያሳየው፣ በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ሐይቁ ደርቆ ነበር። እንደገና ሞልቶ ወደ ዓባይ መፍሰስ የጀመረው ከ15,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከታች የመጣ ዓሣ እንዳንል ጢስ ዓባይ 40 ሜትር ያህል ግድግዳ ነው። እንግዲህ ወይ ገባር ወንዞች ውስጥ ተርፈው የተመለሱ ናቸው፣ ወይም መጣበቂያው በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ አነሰ። ሁለተኛው እውነት ከሆነ፣ በዝግመተ ለውጥ ሚዛን የዐይን ጥቅሻ ታህል ጊዜ ናት።

መልሱን መፈለግ የሚቻለው ግን ዓሦቹ እስካሉ ነው። ጣና ጥልቀቱ በአማካይ 8 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ክረምት ከየማሳው ታጥቦ የሚመጣው አፈር ብዙ ቦታ ያደፈርሰዋል። ደለል የለበሰ ድንጋይ አልጌ አያበቅልም፤ አልጌ ፋቂውም ይራባል። የዓሣ ምርት ሲመዘገብ ደግሞ የሚመዘነው የገበያው ዓሣ ነው፤ ስንዝር የማትሞላ ዓሣ ብትቀንስ ማን ያስተውላል? እምቦጭ ጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ሬግሬሰስ ያኔ ስም ካገኘች ገና አራት ዓመቷ ነበር።