አላዋቂ የነበረው ቃል

ባዝ በምትባለው የእንግሊዝ ከተማ ዳርቻ ቢችን ክሊፍ የሚሉት ገደላማ ኮረብታ አለ። በጄን ኦስተን «ኖርዛንገር አቢ» ልብ ወለድ ውስጥ ሦስት ወጣቶች ወደዚያ በእግር ሲወጡ በአንድ ቃል ይከራከራሉ። ካትሪን የወደደችውን የአን ራድክሊፍ ድርሰት «ናይስ» ስትለው ሄንሪ ቲልኒ አይለቃትም። ቃሉ ድሮ ጥራትንና ጨዋነትን ብቻ ይገልጽ ነበር፤ አሁን ግን ለአየሩም፣ ለእግር ጉዞውም፣ ለሴቶቹም ይባላል እያለ ይተርባታል። እህቱም የመዝገበ ቃላት አዘጋጁን የጆንሰንን ስም እየጠራ መድረሻ እንደሚያሳጣት ለካትሪን ትነግራታለች።

መጽሐፉ ለንባብ የበቃው ደራሲዋ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1817 ካረፈች በኋላ፣ በዚያው ዓመት ማብቂያ ነው። ቲልኒ ያለ ማስረጃ አልተናገረም። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት የ«ናይስ» ፍቺዎች በትክክለኝነት፣ በስስነትና ምርጫ በማብዛት ዙሪያ ያጠነጥናሉ። «ደስ የሚል» የሚለው ፍቺ የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው።

ነገር ግን ቲልኒ «ድሮ» ያለው ድሮ አልነበረም። የቃሉ ሥር በላቲን «ኔስኪዩስ» ነው፤ «ኔ» አፍራሽ ነው፣ «ስኪሬ» ማወቅ። ኔስኪዩስ ማለት እንግዲህ «የማያውቅ» ነው። እኛም ዘወትር የምንጠራው «ሳይንስ» ከዚሁ «ስኪሬ» መወለዱን ሳስብ ይገርመኛል፤ የማወቅና ያለማወቅ ስም ከአንድ ማሕፀን ወጥተዋል። ፈረንሳዮች «ኒስ» ብለው ለቂል ሰው አዋሉት። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥት ቋንቋ ሆነ፤ ቃሉም በ1300 ገደማ እንግሊዝኛ ውስጥ ይገኛል። ለገጣሚው ቾሰር «ናይስ» ቂል ነበር።

ቂሉ እንዴት ጠንቃቃ ሆነ? መንገዱ ጠመዝማዛ ነው። ከቂልነት ወደ ቅብጠት፣ ከቅብጠት ወደ ዓይን አፋርነት፣ ከዚያ ምርጫ ወደሚያበዛ ሰው ተሻገረ። ምርጫ የሚያበዛ ሰው ጥቃቅኑን ይለያልና፣ ቃሉ ረቂቅ የሆነውን ነገር ራሱን መግለጽ ጀመረ። ዛሬም እንግሊዞች በጣም ቀጭን ልዩነትን «ናይስ» ሲሉት የሚሰማው ያ ድምፅ ነው።

ዛሬ ቂል ማለት የሆነው «ሲሊ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ደግሞ በተቃራኒው ወርዷል። በጥንቱ እንግሊዝኛ የተባረከ፣ ዕድለኛ ማለት ነበር፤ የጀርመኖቹ «ዜሊግ» አሁንም ብፁዕ ነው። የተባረከው የዋህ ተባለ፣ የዋሁ ምስኪን፣ ምስኪኑም ቂል። በአማርኛም «የዋህ ነው» ሲባል ምስጋና ይሁን አዘኔታ ከድምፁ ካልሆነ የማይለይበት ጊዜ አለ።

ቲልኒ ቃሉን ወደ ጥንቱ ለመመለስ ከልቡ ቢነሳ ኖሮ፣ ካትሪን ያን መጽሐፍ ቂል ብላ እንድትጠራው መጠየቅ ነበረበት።